ማሳሳት ሲገባ መሳሳት፦ ትርፍ ችግኝ መጣል ለምን ይከብዳል?

በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ብርዱ ሊገፋ ሲል፣ በብዙ ቤቶች የመስኮት ደፍ ላይ ትንንሽ ኩባያዎች ይደረደራሉ። ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ በሶብላ፣ ጎመን ይዘራባቸዋል። ለጓሮው ወይም ለበረንዳው የሚያስፈልገው አራት የቲማቲም ተክል ቢሆንም፣ የሚዘራው ዘር ብዙውን ጊዜ የዚያ ሦስት እጥፍ ነው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ዘጠኝ ወይም አስር ችግኝ በቅሎ ይታያል። ቀሪው ሥራ ቀላል መሆን ነበረበት፦ ጠንካሮቹን አራቱን ማስቀረት፣ የቀሩትን መንቀል።

ብዙ አብቃዮች ግን አይነቅሉም። ትርፉን ችግኝ ወደ ባዶ የእርጎ ዕቃና አናቱ ወደተቆረጠ የውሃ ፕላስቲክ ያዛውሩታል። መስኮቱ ሲሞላ ጠረጴዛው፣ ጠረጴዛው ሲሞላ ወለሉ ይያዛል። በአጠገቡም ከዓመታት በፊት በስጦታ የመጣ፣ ግማሽ አካሉ የደረቀ፣ ውሃ በማስታወስ ብቻ የሚጠጣ ተክል ይቆማል። የሚንከባከበው የለም፤ የሚጥለውም የለም።

የግብርና ባለሙያዎች የተጨናነቀ ቡቃያን መቀነስ «ማሳሳት» ይሉታል። በድምፅ የሚቀርበው «መሳሳት» ደግሞ ለሚወዱት ነገር እጅ ማጠርን፣ አሳልፎ ለመስጠት መጨነቅን ይገልጻል። አብቃዩ ማሳሳት በሚገባው ሰዓት የሚሳሳው ለምንድን ነው? መሳሳቱስ ምን ያስከፍለዋል? የሥነ ልቦና፣ የምጣኔ ሀብትና የዕፅዋት ሳይንስ ለዚህ ጥያቄ በየፊናቸው መልስ አላቸው።

ትርፉ ከየት ይመጣል?

የችግኝ መትረፍ የአብቃዩ ስህተት አይደለም። ዘር ሁሉ ስለማይበቅል፣ የሚፈለገውን ቁጥር ብቻ ዘርቶ የሚፈለገውን ቁጥር ማግኘት አይቻልም። በአሜሪካ የፌዴራል ደንብ ለሽያጭ የሚቀርብ የቲማቲም ዘር የመብቀል መለኪያ 75 በመቶ፣ የቃሪያ ደግሞ 55 በመቶ ነው።

አራት ኩባያ ያዘጋጀ ሰው በእያንዳንዱ አንድ የቲማቲም ዘር ቢዘራና እያንዳንዱ ዘር የመብቀል ዕድሉ 75 በመቶ ቢሆን፣ አራቱም ኩባያዎች ችግኝ የሚያገኙበት ዕድል 32 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። በየኩባያው ሁለት ዘር ቢዘራ ዕድሉ ወደ 77 በመቶ፣ ሦስት ቢዘራ ደግሞ ወደ 94 በመቶ ከፍ ይላል። ነገር ግን አሥራ ሁለት ዘር የዘራ ሰው በአማካይ ዘጠኝ ችግኝ ያገኛል። አራቱ ይፈለጋሉ፤ አምስቱ ይተርፋሉ። እነዚህ አምስት ችግኞች ኩባያዎቹ ባዶ እንዳይቀሩ የተከፈለ የዋስትና ዋጋ ናቸው።

ተፈጥሮም የምትሠራው በዚሁ ስሌት ነው። አንድ ግራም ጤፍ ከ2,500 እስከ 3,000 የሚደርስ ቅንጣት ይይዛል፤ እያንዳንዷ ቅንጣት ሙሉ ተክል የመሆን ዐቅም ቢኖራትም ሁሉም አይሆኑም። ቻርለስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1859 ባሳተመው «የዝርያዎች አመጣጥ» መጽሐፉ ውስጥ የመዘገበው ሙከራ ይህን በቁጥር ያሳያል። ርዝመቱ ሦስት፣ ወርዱ ሁለት ጫማ የሆነ መሬት ቆፍሮና አጽድቶ፣ የበቀለውን የአረም ቡቃያ አንድ በአንድ ምልክት አደረገበት። ከ357 ቡቃያዎች 295ቱ ጠፉ፤ አብዛኞቹን የበሏቸው ቀንድ አውጣ መሰል ትሎችና ነፍሳት ነበሩ። ማንም ሰው እጁን ሳያስገባ ከስድስት አምስቱ ያህል ቀሩ።

የመስኮት ደፍ ግን ትልም፣ ውርጭም፣ ድርቅም የለበትም። ተፈጥሮ በሜዳ የምታካሂደውን ቅነሳ በቤት ውስጥ የሚያካሂደው የአብቃዩ እጅ ነው። ችግሩም እዚህ ላይ ይጀምራል።

የራስ የሆነ ነገር ይወደዳል

እ.ኤ.አ. በ1990 ዳንኤል ካህነማን፣ ጃክ ክኔችና ሪቻርድ ቴለር ያሳተሙት ጥናት የሰው ልጅ በእጁ የገባን ነገር እንዴት እንደሚተምን አሳይቷል። ከተማሪዎች መካከል ለግማሾቹ የቡና ኩባያ ተሰጣቸው፤ ከዚያም ባለኩባያዎቹ እንዲሸጡ፣ የሌላቸው እንዲገዙ ዕድል ተከፈተ። ኩባያው ያው ኩባያ ቢሆንም፣ ባለቤቶቹ የጠየቁት ዋጋ ገዢዎቹ ሊከፍሉ ከፈቀዱት በግምት እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ኩባያውን የያዙት ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነበር። ችግኝ ደግሞ በአብቃዩ እጅ ለሳምንታት ይቆያል።

ሁለተኛው ምክንያት ድካም ነው። ማይክል ኖርተን፣ ዳንኤል ሞቾንና ዳን አሪየሊ እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች በራሳቸው እጅ ለሠሩት ነገር ከፍ ያለ ዋጋ እንደሚሰጡ አሳይተዋል። ክስተቱንም ገዢው ራሱ የሚገጣጥማቸውን የቤት ዕቃዎች በሚሸጠው ኩባንያ ስም «የኢኬአ ውጤት» ብለው ሰየሙት። ከጥናቱ ግኝቶች አንዱ ለአብቃዮች በተለይ የሚቀርብ ነው፤ ይህ የዋጋ ጭማሪ የሚታየው ሥራው በስኬት ሲጠናቀቅ ነው። ተጀምሮ የቀረ ወይም ተሠርቶ የፈረሰ ነገር ያን ያህል አይሳሳለትም። የበቀለ ዘር ደግሞ የተሳካ ሥራ ነው፤ አፈሩን ሰንጥቆ ሲወጣ ድካሙ ፍሬ አፍርቷል። መንቀል የተሳካን ሥራ በገዛ እጅ ማፍረስ ይመስላል።

ሦስተኛው፣ የወጣ ወጪ የሚያሳድረው ጫና ነው። ሃል አርክስና ካትሪን ብሉመር እ.ኤ.አ. በ1985 እንዳሳዩት፣ ሰዎች ገንዘብ ወይም ጊዜ ያፈሰሱበትን ነገር ባያዋጣም ይቀጥሉበታል። ለቴአትር ሙሉ ዋጋ የከፈሉ ሰዎች በቅናሽ ከገዙት ይልቅ አዘውትረው ወደ ትርኢቱ ሄደዋል። ለሁለት ዓመት ውሃ የተጠጣ ደካማ ተክልም የሚቀጥለውን ውሃ የሚያገኘው ስላለፈው ውሃ ሲባል ነው።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ግን በጎ ነገርም አለ። ኤለን ላንገርና ጁዲት ሮዲን እ.ኤ.አ. በ1976 በአሜሪካ ኮነቲከት ግዛት በአረጋውያን መኖሪያ ባካሄዱት ጥናት፣ ስለ ዕለታዊ ኑሯቸው ራሳቸው እንዲወስኑ የተበረታቱትና የሚንከባከቡት ተክል የተሰጣቸው ነዋሪዎች፣ ተክሉን ሠራተኞች ከሚያጠጡላቸው ነዋሪዎች ይልቅ ንቁና ደስተኛ ሆነው ታይተዋል። የተሳታፊዎቹ ቁጥር ትንሽ ነበር፤ ተክሉም ከሌሎች ለውጦች ጋር አብሮ የመጣ ነው። ሆኖም ጥናቱ የሚጠቁመው ነገር ግልጽ ነው፦ ኃላፊነት ራሱ ለተንከባካቢው ይጠቅመዋል። ለችግኝ የሚሳሳ ልብ ጉድለት አይደለም፤ ችግኙ በሕይወት እንዲኖር ያደረገው ያው ልብ ነው።

ተክሉ ይሰማዋል?

አንዳንድ አብቃይ የሚያቅማማው ተክሉ ሲነቀል ያመዋል ብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2023 የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች «ሴል» በተባለው መጽሔት ያወጡት ጥናት ይህን ስሜት ቀስቅሶ ነበር። ውሃ የተነፈጉና ግንዳቸው የተቆረጠ የቲማቲምና የትምባሆ ተክሎች ከሰው ጆሮ አቅም በላይ የሆነ ድምፅ እንደሚያወጡ በመሣሪያ ተመዘገበ። የተጠማ ተክል በሰዓት ከ30 እስከ 50 ጊዜ ያህል «ቀጭ» የሚል ድምፅ ሲያወጣ፣ ያልተጎዳው ግን በሰዓት አንዴ እንኳ አያሰማም። ድምፁ ከ40 እስከ 80 ኪሎ ኸርዝ አካባቢ ነው፤ ሰው መስማት የሚችለው እስከ 20 ኪሎ ኸርዝ ገደማ ብቻ ነው።

ይህ ግን ጩኸት አይደለም። ለድምፁ የሚቀርበው ዋነኛ ማብራሪያ ሜካኒካዊ ነው። ተክል ውሃ ሲያጣ ከሥር ወደ ቅጠል በሚወስዱት ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ ያለው ውሃ ይወጠርና የአየር አረፋ ይፈጠራል፤ አረፋው ሲፈጠርና ሲፈነዳ ድምፅ ይሰማል። ሊንከን ታይዝና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2019 እንደተከራከሩት፣ ተክሎች ለንቃተ ሕሊና የሚያስፈልገው የአንጎል መዋቅር የላቸውም። ተክል ለብርሃን፣ ለንክኪና ለጉዳት ምላሽ መስጠቱ የታወቀ ነው። ምላሽ መስጠትና ሕመም መሰማት ግን አንድ አይደሉም። ስለዚህ በማሳሳት ጊዜ ያለው ሕመም የአብቃዩ እንጂ የችግኙ አይደለም።

የመሳሳት ዋጋ

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ይባላል። አንድ ኩባያ አፈርም ሦስት ቲማቲም አያሳድግም።

ፉክክሩ የሚጀምረው ሥሮች ከመነካካታቸው በፊት ነው። በዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ፣ በሜሪላንድ ግዛት ቤልትስቪል በሚገኘው የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የምርምር ማዕከል፣ ሃሪ ቦርዝዊክ፣ ስተርሊንግ ሄንድሪክስና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1952 የሰላጣ ዘር በቀይ ብርሃን እንደሚነቃ፣ ከቀይ በተሻገረ ብርሃን ደግሞ ተመልሶ እንደሚታገድ አሳዩ። ከዓመታት በኋላ ለዚህ ምክንያት የሆነው «ፋይቶክሮም» የተባለው ቀለም አዘል ፕሮቲን ተለየ። ቅጠል በ660 ናኖ ሜትር አካባቢ ያለውን ቀይ ብርሃን ይውጣል፤ በ730 ናኖ ሜትር አካባቢ ያለውን ግን በብዛት ያንጸባርቃል፣ ያሳልፋልም። ችግኝ በሁለቱ መካከል ያለውን ሚዛን በፋይቶክሮም እየለካ ጎረቤት መኖሩን ያውቃል።

ጎረቤት መኖሩን ሲያውቅ ኃይሉን ወደ ቁመት ያዞራል። ግንዱ ይመዝዛል፣ ይቀጥናል፤ ለሥርና ለቅጠል የሚተርፈው ስንቅ ያንሳል። በመስኮት ላይ ያለው ደካማ ብርሃን ደግሞ ይህን ያባብሰዋል። በመስኮት ላይ አንገቱን አስግጎ የሚታየው ችግኝ በፍጥነት ያደገ ሊመስል ይችላል፤ በእርግጥ ግን ከባልንጀሮቹ ለማምለጥ እየሮጠ ነው።

ጃፓናዊው ኪዮጂ ዮዳና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1963 ይህን ፉክክር በቀመር አስቀመጡት። በተጨናነቀ መደብ ላይ ተክሎች እያደጉ ሲሄዱ ደካሞቹ ይሞታሉ፤ ቁጥሩ ሲቀንስ የቀሪዎቹ አማካይ ክብደት የሚጨምረው ከቅነሳው በላቀ መጠን ነው። በቀመሩ መሠረት የተክሎቹ ቁጥር ወደ ሩብ ሲወርድ፣ የእያንዳንዱ አማካይ ክብደት ወደ ስምንት እጥፍ ይደርሳል። ሩብ በስምንት ሲባዛ ሁለት ነው፤ ጥቂቶቹ ተደምረው ቀድሞ ብዙዎቹ በአንድነት ይመዝኑ ከነበረው እጥፍ ይመዝናሉ። አብቃዩ በሚያጠጣውና በሚያዳብረው ዕቃ ውስጥ ግን ደካሞቹም በቶሎ አይሞቱም። ሁሉም ይቆያሉ፤ ሁሉም ይቀጭጫሉ። ማንንም ላለመጉዳት የተደረገው ሁሉንም ይጎዳል።

ስጦታው በሽታ ሲሸከም

መንቀል ያቃተው አብቃይ የሚያገኘው መውጫ ችግኙን ለወዳጅ መስጠት ነው። ልማዱ የከበረ ነው፤ የእንሰት ተክል ካላቸው የደቡብ ኢትዮጵያ ቤተሰቦች ጀምሮ ችግኝ መሰጣጣት የጉርብትና ማሰሪያ ሆኖ ቆይቷል። ነገር ግን ችግኝ ብቻውን አይጓዝም። በአፈሩ፣ በሥሩና በቅጠሉ ላይ ያለው ሁሉ አብሮት ይሄዳል።

እ.ኤ.አ. በ2009 በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ የቲማቲምና የድንች ማሳዎችን የመታው «ሌት ብላይት» በሰፊው የተሰራጨው በመደብሮች በተሸጡ በበሽታው የተያዙ የቲማቲም ችግኞች አማካይነት ነበር። የበሽታው መንስኤ «ፋይቶፍቶራ ኢንፌስታንስ» ከ1845 ጀምሮ አየርላንድን ለረሃብ የዳረገው ያው ተሕዋስ ነው። በኢትዮጵያም ዳኛቸው ይርጉና ጆን ብራድበሪ እ.ኤ.አ. በ1968 የገለጹት የእንሰት ባክቴሪያ አጠውልግ ከሚዛመትባቸው መንገዶች መካከል ያልጸዳ ቢላዋና የተበከለ የተከላ ችግኝ ይገኙበታል። የታመመን ተክል በርኅራኄ ማቆየት፣ ከዚያም አልፎ በስጦታ ማሳለፍ፣ የጎረቤትን ጓሮ ለአደጋ ማጋለጥ ነው።

በባዕድ አገር የበቀለ በሶብላ

ለቲማቲም የሚሠራው ስሌት ለሁሉም ተክል አይሠራም። የቲማቲም ዘር በየመደብሩ ይገኛል። ከአገር ቤት በመጣ ዘር የበቀለ በሶብላ፣ ኮሰረት፣ ጤና አዳም ወይም ጌሾ ግን ከጠፋ በቀላሉ አይተካም።

ድንበሮችም ጠብቀዋል። ከታኅሣሥ 14 ቀን 2019 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ወደ አውሮፓ ኅብረት የሚገባ መንገደኛ በሻንጣው ለሚይዘው ተክልና የሚዘራ ዘር የተክል ጤና ማረጋገጫ ሰነድ ማቅረብ አለበት፤ ነፃ የተደረጉት አናናስ፣ ኮኮናት፣ ዱሪያን፣ ሙዝና ቴምር ብቻ ናቸው። አሜሪካም ለመትከያ በሚገቡ ተክሎችና ዘሮች ላይ ተመሳሳይ ቁጥጥር ታደርጋለች፤ ከአፈር ጋር ያለ ተክል በመንገደኛ እጅ እንዲገባም አትፈቅድም። ሕጎቹ የወጡት ከላይ የተነሡትን ዓይነት በሽታዎች ለመከላከል ነው። ውጤታቸው ግን በስደት ለሚኖር አብቃይ ግልጽ ነው፦ በእጁ ያለችው የጌሾ ችግኝ የመጨረሻዋ ልትሆን ትችላለች።

እዚህ ላይ መሳሳት ሳይንሳዊ መሠረት አለው። በበቆሎና በሌሎችም እርስ በርስ በሚዳቀሉ ሰብሎች ላይ ከአንድ ሁለት «ምርጥ» ተክሎች ብቻ ዘር መልቀም የዝርያውን ውስጣዊ ልዩነት ያጠባል። የዘር ባንኮች ዘር ሲያድሱ ብዙ ተክሎችን አብረው የሚያሳድጉት ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 በአዲስ አበባ የተመሠረተውና ዛሬ በኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ሥር የሚገኘው የዘር ባንክ ዓላማውም ግዙፉን ብቻ መምረጥ አይደለም፤ አጭሩም፣ ዘግይቶ የሚደርሰውም፣ ድርቅ የሚችለውም እንዲኖር ነው። ብርቅ ዘር ያለው አብቃይ ጥቂት ትርፍ ችግኞችን ለታመኑ ጎረቤቶች ማከፋፈሉ፣ በአንዱ ቤት ቢደርቅ በሌላው እንዲገኝ ያደርጋል።

ጠውልጓል ወይስ ሞቷል?

ችላ የተባለ ተክል ላይ ከመወሰን በፊት መመርመር ይገባል። የጠወለገ ሁሉ አልሞተም። የዕፅዋት ተመራማሪዎች አንድ ተክል ማታ ቀዝቅዞ እንኳ ውሃ ሳይጨመርለት ቅጠሉን የማያቀናበትን ደረጃ «ዘላቂ የመጠውለግ ነጥብ» ይሉታል። በዚህ ጊዜ አፈሩ ቀሪውን ውሃ ይዞ የሚቆይበት ኃይል በልማድ 15 ባር፣ ማለትም የአየር ግፊትን 15 እጥፍ ያህል ተደርጎ ይወሰዳል። ከዚያ በፊት የደረሰ ውሃ ተክሉን ሊመልሰው ይችላል።

ሆኖም ከላይ ማጠጣት ሁልጊዜ አይበቃም። በመደብር የሚሸጠው የመትከያ አፈር ብዙውን ጊዜ ፒት ይይዛል፤ ፒት ክፉኛ ሲደርቅ ውሃ ይገፋል። ውሃው በአፈሩና በዕቃው ግድግዳ መካከል ወርዶ ይፈስሳል፤ ሥሩ ግን ደረቅ ነው። መፍትሔው ዕቃውን ውሃ በያዘ ሳፋ ውስጥ አስቀምጦ ከታች እስኪመጥ መጠበቅ ነው። በተቃራኒው አፈሩ ረጥቦ ሳለ የጠወለገ ተክል ሥሩ አየር አጥቶ እየበሰበሰ ሊሆን ስለሚችል፣ ተጨማሪ ውሃ ሞቱን ያፋጥነዋል።

ግንዱ እንጨት ለሆነ ተክል ቀላል ፈተና አለ። ቅርፊቱን በጥፍር ጫር ሲያደርጉት ከሥሩ አረንጓዴና እርጥብ ከሆነ ሕይወት አለ፤ ቡናማና ደረቅ ከሆነ ወደ ታች እየወረዱ መሞከር ይቻላል። እስከ ሥሩ ድረስ አረንጓዴ ካልተገኘ ግን የሚጠበቅ ነገር የለም።

መፍትሔው ከመዝራት ይጀምራል

ለመንቀል ከመጨነቅ ይልቅ የሚቀለው ከመጀመሪያው ጥቂት መዝራት ነው። ዘር ይጠብቃል። አሜሪካዊው ተመራማሪ ጄምስ ሃሪንግተን ባስቀመጠው የታወቀ ግምታዊ ደንብ መሠረት፣ በተወሰነ ወሰን ውስጥ የዘር እርጥበት በአንድ በመቶ በቀነሰ ቁጥር፣ ወይም የማከማቻው ሙቀት በ5 ዲግሪ ሴልሺየስ በቀነሰ ቁጥር፣ የብዙ ዘሮች ዕድሜ እጥፍ ይሆናል። በሚገባ ደርቆ በታሸገ ብልቃጥ ማቀዝቀዣ ውስጥ የተቀመጠ የቲማቲም ወይም የጎመን ዘር ለዓመታት ይቆያል። የተዘራው ካልበቀለ ጥቂት መጨመር ይቻላል። በየኩባያው መቆንጠር የለበትም፤ ቀሪው ብልቃጥ ራሱ ዋስትና ነው።

የበቀለውን ማሳሳት ግድ ሲሆን፣ ከመንቀል ይልቅ ከአፈሩ ወለል ላይ በመቀስ መቁረጥ ይመረጣል፤ የሚቀረው ችግኝ ሥር አይናጋም። የጎመን፣ የሰላጣና የበሶብላ ቡቃያ ወደ ወጥ ቤት ይገባል። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲና የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 በ25 ዓይነት ለጋ ቡቃያዎች ላይ ባሳተሙት ጥናት፣ ብዙዎቹ ቡቃያዎች ከጎለመሱ ቅጠሎች ይልቅ በቫይታሚን ይዘት የበለጸጉ ሆነው ተገኝተዋል። የቲማቲምና የቃሪያ ቡቃያ ግን ለማዕድ አይሆንም።

ግንዱ የተመዘዘ የቲማቲም ችግኝም ተስፋ አለው። ቲማቲም ከግንዱ ሥር ማውጣት ስለሚችል፣ እስከ ላይኞቹ ቅጠሎች ድረስ በጥልቀት ቢተከል ይጠነክራል። ጤነኛውን ትርፍ ለሌላ ሰው መስጠት መልካም ነው፤ የዝርያው ስምና የተዘራበት ቀን ቢጻፍበት ተቀባዩ ምን እንደያዘ ያውቃል። የተረፈው ወደ ብስባሽ ጉድጓድ ይገባል፤ የሳበው ናይትሮጅንና ፖታሲየም ለሚቀጥለው ወቅት አፈር ይሆናል። የታመመ ተክል ግን ወደዚያ መግባት የለበትም። የበሽታ ተሕዋስያንን ለመግደል ብስባሹ ለቀናት 55 ዲግሪ ሴልሺየስና ከዚያ በላይ መሞቅ አለበት፤ የጓሮ ክምር ደግሞ ብዙ ጊዜ ያን ያህል አይሞቅም።

እንግዲህ የአብቃዩ ጥያቄ «ይህን ችግኝ ልጣለው?» ከሚለው ይልቅ «ይህን ችግኝ መተካት ይቻላል? ጤነኛ ነው? የሚያድግበት ቦታ አለው?» ቢሆን ውሳኔው ይቀልላል። ለሦስቱም መልሱ አዎንታ የሆነለት ችግኝ ይተከል። ብርቅ የሆነው ጤነኛ ችግኝ ቦታ ባይኖረው እንኳ ቦታ ይፈለግለት፤ በጎረቤት ጓሮም ቢሆን። የቀረው ግን በጊዜ ይቆረጥ። በኩባያ ተጨናንቆ እስከ ሰኔ የሚቆይ ቲማቲም ሕይወቱ የተረፈለት ቢመስልም፣ ፍሬ የሚያፈራበትን ወቅት ከጎረቤቶቹ ጋር አብሮ ያጣዋል።